ነጭ ማተብ ያላት ርግብ

«አፍሽ ከቁራ አፍ ይወፍራል» አለኝ ባለፈው ሳምንት እንግዶች እያስጎበኘሁ ባደርኩበት የተራራ ካምፕ፣ ጨነቅ ላይ፣ አንድ በቅሎ ጫኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል ስላልኩት ነው። አልተቀየምኩም። በላቲን፣ የቤተ ክህነት ሰዎች ሮማይስጥ በሚሉት ቋንቋ፣ መጀመሪያ የገባኝ ዓረፍተ ነገር እሱው ነበርና፦ ኮርቩስ ሮስትሩም ክራሱም ሃቤት። ቁራው ወፍራም አፍ አለው።

ትምህርቴን ጨርሼ ዳባት ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ ነው። ደባርቅ ለአስጎብኚነት ሥልጠና ሰው ሊመዘግቡ ነው ተባለ፤ የመግቢያው ፈተና የወፎችን የላቲን ስም ይጠይቃል። ጓደኞቼ እንደ ዳዊት ሸመደዱት። እኔ ያልገባኝን መሸምደድ አይሆንልኝም። ቡይት ራስ ሎጅ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ፣ እንግዳ ትቶት የሄደ የልጆች መጽሐፍ ሰጠችኝ። በየገጹ አንድ ወፍ፣ ከሥሩ አንድ አጭር የላቲን ዓረፍተ ነገር፤ ትርጉም የሚባል የለውም። ሥዕሉን አያለሁ፣ ቃሉን አያለሁ፣ ገልጬ ከሌላው ጋር አስተያያለሁ። የሚመላለሰው ሃቤት «አለው» ማለት መሆኑን ያወቅኩት እንደዚያ ነው።

ኅዳር ነበር። ገብስ ታጭዶ አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። ደጅ ተቀምጬ ቆሎ እያሸሁ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አባቴ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ቄስ ናቸው።

«የምን ቋንቋ ነው?»

«ላቲን ነው፣ አባባ።»

«ሮማይስጥ አትይም?» ፊታቸው ጠቆረ። «የካቶሊክ ቅዳሴ። በዚህ ነገር ጎንደር ስንት ደም እንደፈሰሰ አልሰማሽም? ማተብሽን ልትበጥሺ ነው?»

«የወፍ መጽሐፍ ነው።»

«የወፍም ቢሆን።»

ደባርቅ መሄድ ቀረ ተባለ። እናቴ ብትለምን፣ ጎረቤት ቢሸመግል ወይ ፍንክች።

የፈተናው ዕለት አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው እህል እስኪቀምሱ ጠበቅኋቸው። ልመና አልችልበትም። የርግቧን ገጽ ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ግራጫ ናት፣ አንገቷ ላይ ነጭ አለባት፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ላይ የሚያድሩትን ትመስላለች።

«ምን ይላል?»

«ኮሉምባ ቶርኩዌም አልቡም ሃቤት።»

«በሰው ቋንቋ።»

«ርግቢቱ ነጭ ማተብ አላት።»

ቶርኩዌም የሚለው ሐብል ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም ነበር። አንገት ላይ የሚዞር ነገር እኛ ቤት ማተብ ነው።

መጽሐፉን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት።

«ፈረንጅ ለራሱ ሳያስር ለወፏ አሰረላት?»

«እንግዲህ እንዲህ ይላል።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ኮሉምባ» አሉ እሳቸውም ቀስ ብለው። «በሮማይስጥ እየተጠራች እሷ ካልበጠሰች…»

አልጨረሱትም። ማተቤን ከኮሌታዬ ሳብ አድርገው አዩት፤ ቋጠሮውን አጠበቁት።

«ሚኒባሱ ሳይሞላብሽ።»

ቆሎዬን በኪሴ፣ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።