ደረጃ የሌለው ቤት

አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ረዳት ነርስ ሆኜ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመዶቼ በሙሉ ጎጃም ናቸው። በሁለተኛው ዓመት የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ አገባሁ፤ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ለጎረቤት ለቅሶ ቀድሞ የሚደርስ ሰው።

መጀመሪያ የመታኝ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለክትባት ሂርና ሄደን፣ መኪና ተበላሽቶብን አድረን ስንመለስ ነው። በማግስቱ ሥራ ገብቼ ከደረጃ ወደቅሁ አልኩ። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ደረጃ የለውም። የሥራ ጓደኞቼ ቤቴን ያውቁታል፤ ማንም ምንም አላለኝም። የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ የዓይን ቅባት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። እንደዚያ ሆኜ ስድስት ዓመት ኖርኩ። አንድ ጊዜ ቀበሌ ሄጄ ብናገር፣ የቤታችሁን ነገር እዚያው ቤታችሁ ጨርሱ ብለው መለሱኝ። ለእናቴ ስጽፍ ደህና ነኝ እላለሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከቦርደዴ በኩል የመጣች ሴት ክንዷ ተሰብሮ ብቻዋን ገባች። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ምን እንዳገኛት ጠየቅኋት። እንጨት ስትለቅም እንደወደቀች ነገረችኝ። እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ያልኩት ነውና አላመንኳትም። ባልሽ ነው ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት። ቅንድቤ ላይ ያለውን እብጠት አየችው።

«አቲ ሆ?» አለችኝ። አንቺስ ማለቷ ነው።

በስድስት ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። የያዝኩትን ፋሻ አስቀመጥኩና «ባሌ ነው» አልኳት።

ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ሩቅ ናቸው አልኳት።

«የእኔ ቅርብ ናቸው» አለች፤ «ግን መልሰው ይልኩኛል።»

ክንዷን በጀሶ አሰርኩላትና ወደዚያው ቤት ሄደች። እሷን የምወስድበት ቦታ አልነበረኝም። ከወር በኋላ ተመለሺ ብያት ነበር፤ አልመጣችም። ካርዷን መደርደሪያው ላይ ለብቻው አቆይቼው ብዙ ጠበቅኋት።

ከዚያ በኋላ መቻራ እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ። ለመንገዱ ክፋት ማንም የማይፈልገው ቦታ ስለነበር አለቃዬ ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ፈረመ። ባሌ የበላይ ትእዛዝ መሰለው። ቡና ሊጭን በሚሄድ መኪና ሄድኩ።

ነፃ ስወጣ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ ግን ብቻዬን ስቀመጥ እህል አልወርድ አለኝ፤ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። የማወራው ከበሽተኞች ጋር ብቻ ነበር።

በአራተኛው ወር ባሌ መጣ። ክፍሉ መርፌ በሚጠብቁ ሴቶች ተሞልቷል። እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአንድ ደቂቃ ውጪ እንድናወራ ለመነኝ።

«አልወጣም» አልኩት። «ወደ ቤትህም አልመለስም።»

ሴቶቹን አይቶ ሄደ። ያነሣሁትን መርፌ ትሪው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ሴቶቹ እንደገና እስካነሣው ድረስ ጠበቁኝ።