ስኳር የነካው ጥጥ

ሞርጂና ቤጉም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሕፃናት አፍ ለሃጭ ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። በሻልቦኒ መንደር «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት ግን «የጤና ሠራተኛ ነኝ» ትላለች። ምን ታድርግ! ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ፎቶ ይነሣል፤ ለሃጭ ለቃሚን ማን ያነሣታል?

እናቶች ለልጆቻቸው በቀን ምን ያህል ወተት እንደሚያጠቡ ማወቅ ነበር ሥራዋ። የለሃጩ ሥራ ሳይመጣ፣ ድሮ፣ ሕፃኑ ከመጥባቱ በፊትና ከጠባ በኋላ ይመዘናል። ሞርጂና ሚዛኗን ይዛ ከንጋት እስከ ምሽት ሰው ግቢ ውስጥ ትጎለታለች። ልጁ ሚዛኑ ላይ ይሸናል፣ አማት «ወተት እንደ ሽንኩርት ይመዘናል እንዴ!» ብላ ታላግጣለች። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያምራል፤ እውነት ስለመሆኑ ግን የሚምል አልነበረም።

ከዚያ ከባዱ ውሃ መጣ። ኬሚስቱ አንሳር ትንሿን ጠርሙስ ሲሰጣት ወደ ብርሃን አንሥታ አየቻት።

«ይሄ ውሃ ነው።»

«ውሃ ነው እትዬ። ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ግን ከተለመደው እጥፍ ይከብዳል። ጨረር የለው፣ ሽታ የለው። ሰውነት ከሌላው ውሃ አይለየውም፤ የኛ መሣሪያ ይለየዋል። እናትየው ትጠጣዋለች፣ በወተቷ ወደ ልጁ ይሻገራል፣ እኛ ደግሞ ልጁ አፍ ውስጥ እንፈልገዋለን።»

«ለሃጩ ውስጥ?»

«ለሃጩ ውስጥ።»

ሞርጂና ከት ብላ ሳቀች። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ግን ሳቋ አሳፈራት። አንዲት ሴት የጠጣችው ሠላሳ ግራም ውሃ በደሟ ዞሮ፣ በጡቷ አልፎ፣ ሕፃን ምላስ ላይ ቆሞ «ከእናቴ ነው የመጣሁት» ብሎ ይመሰክራል። መስገጃዋ ላይ እንኳ እንደዚያን ዕለት ተደንቃ አታውቅም።

በቾይትሮ ወር፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ተራው የሉትፋ ሆነ። ሉትፋ ገና ሃያ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ዳካ ልብስ ፋብሪካ ይሠራል፤ እሷ የአራት ወር ልጇን ጁኢን ይዛ ከአማቷ ከሶኪና ጋር ትኖራለች። ሶኪና የማታውቀው ነገር የላትም፤ ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ብትቆጥር ለሐኪሞቹ መድኃኒት ታዝዝላቸው ነበር። ልጅቷ ክብደት አልጨምር ስትል ሞርጂና ፊት ፍርዱን ሰጠች።

«የዚች ወተት ውሃ ነው። ያ ጠርሙስሽ ወተቷ ትንሽ ነው ካለ፣ ልጅቷን በቆርቆሮ ወተት አሳድጋታለሁ። እሷ አባቷ ቤት ትግባ!»

ሉትፋ ከባዱን ውሃ ጠጣችና «እትዬ፣ ይሄ ውሃ ይዋሻል?» ስትል በለሆሳስ ጠየቀች።

«ሰው ነው የሚዋሸው» አለቻት ሞርጂና።

በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ለሃጩ የሚለቀምበት ጥጥ በደንብ ራሰ። በሦስተኛው ቀን የጁኢ አፍ ደረቀ። ጥጡ እንደገባ ወጣ። በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ንግግሩ እንዲጣፍጥ ማር ወይም ስኳር ከንፈሩን ይነካል፤ የሞርጂናም እናት፣ የእናቷም እናት እንዲሁ አድርገዋል። ሞርጂና ብዙም ሳታስብ የጥጡን ጫፍ ስኳር ውሃ ውስጥ ነከረችው። ልጅቷ ላሰች፣ አፏ ሞላ፣ ጥጡ የሚጨመቅበት ብልቃጥም ሞላ። በአራተኛውም ቀን ደገመችው። ለሃጩ በሚለቀምባቸው በቀሩት ሁለት ቀናት፣ በአሥራ ሦስተኛውና በአሥራ አራተኛው፣ ዝናብ ጥሎ አየሩ ስለቀዘቀዘ ስኳር አላስፈለገም።

ውጤቱ መጣ፤ የሉትፋ ወተት ትንሽ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም ሰው፣ ወረቀቱ ሳይፈረም ለሶኪና ነገራት። ሶኪና በዚያው ቀን የሉትፋን ሣጥን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

ሞርጂና ውጤቱን ልትጠይቅ አንሳር ወዳለበት ከተማ በአውቶቡስ ወጣች። አንሳር ስድስት ነጥቦች ያሉበትን ወረቀት ዘረጋላት።

«ልጅቷ አፍ ውስጥ ያለው ምልክት ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ኮረብታ በይው። ይሄ ግን ምኑ ኮረብታ ነው? ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ጉድጓድ ገብተዋል። እንግዳ ውሃ የጨመረ ሰው አለ፤ የናትየው ያልሆነ።»

ሞርጂና ወደ ሁለቱ ነጥቦች ጎንበስ አለች። ጫፉን ብቻ ነበር የነከረችው! የጥጥ ጫፍ! ይሄ ደግሞ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ በወረቀት ላይ አያት።

«እኔ ነኝ» አለች። «አፏ ደርቆባት ጥጡን ስኳር ውሃ አስነካሁት።»

አንሳር ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ! አንቺ?»

«እኔው። ሁለቱን አውጣቸውና የቀሩትን እይ።»

«የቀሩት ኮረብታ ይሠራሉ፤ ወተቱም ትንሽ አይደለም። ግን በአራት ነጥብ አልፈርምም። ይሄ ውሃ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ጠብቂና እንደገና አጠጫት።»

ለአንሳር መናገር ቀላል ነበር። ከባዱ የሶኪና ግቢ ነው፤ ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሰማበት። ሞርጂና እዚያ መሐል ቆማ ሁሉንም ተናገረች።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ አፍ ጠርገሽ፣ ጥጥ መያዝ አልተማርሽም?» አለች ሶኪና።

«አልተማርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሉትፋ አይደለም። ሦስት ሳምንት ስጪኝ። ካላመንሽኝ ጥጡን ራስሽ ጠብቂ።»

ዘበኝነት ተሰጥቷት እንቢ የምትል ሶኪና አይደለችም። ሣጥኑ ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ።

በሁለተኛው ዙር በሦስተኛው ቀን የጁኢ አፍ እንደገና ደረቀ። ሉትፋ ወደ በሩ አየች፤ ሞርጂና እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሶኪና አጠገባቸው ተቀምጣ ጥጡን እንደ እስረኛ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ነጎደ። መጠበቅ ሲሰለቻት ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ትነክስ ጀመር።

«የጁኢን አፍ አላውቅም፣ የኔ ግን ወንዝ ሆኗል» አለች ሉትፋ። ከስንት ጊዜ በኋላ አማቷ ፊት መቀለዷ ነው።

ጁኢ የአያቷን የሚያላምጥ አፍ ትኩር ብላ አየች። ጡጫዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ከዚያ አንድ ቀጭን ክር፣ ጠራ ብሎ የሚያበራ፣ ከአገጯ ወረደ።

«ያዢው! ያዢው እንጂ!» ጮኸች ሶኪና።

ሞርጂና በደረቅ ጥጥ ተቀበለችው። ሦስቱ ሴቶች ብልቃጧ ውስጥ ያለችውን ጠብታ አዩ። ሶኪና በጣቷ ልትነካት ዘረጋችና እጇን መለሰች።

«እውነት ይሄ ከሷ የመጣ ነው?» አለች ወደ ሉትፋ ጡት እያየች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስድስቱ ነጥቦች ኮረብታ ሠርተው፣ በቀን ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም፣ ለጁኢ የሚበቃ ወተት፣ ብለው መጡ። ሶኪና ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው፤ ለሞርጂናም ለረጅም ጊዜ አልመለሰችላትም።