የአያ ጌትነት የወይራ መፋቂያ

እኔ ፀዳል በእናንተ ፊት አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ... ገበያ ላይ መፋቂያ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። ሰው ከጠየቀኝ «የገዳሪፍ አቧራ ነው» እላለሁ።

ጥፋቱ የአያ ጌትነት ነው። መንገዱ ሳይበላሽ በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ሲመጡ የሚያርፉት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው እኛ ቤት ነበር። ያኔ ግቢው በጫጫታ ይሞላ ነበር... ዘንድሮ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው የሚያወሩት።

አያ ጌትነት የሱዳንን መፋቂያ ይንቁታል። «ይኸም እንጨት ሆኖ!» ይላሉ። የአገራቸውን ወይራ ይዘው ይመጡና ካልበሉ በቀር ከአፋቸው አይወጣም። ሲመክሩን በመፋቂያ፣ ሲያንቀላፉም በመፋቂያ!

አንድ ዓመት ከእርሻ በሎሪ ተጭነው መጡና ሆዳቸውን ይዘው ወረዱ። ሽማግሌዎቻችን ወዲያው ተሰበሰቡ። አንዱ «ምች ነው» አሉ። ሌላው «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ይጠጣ»። አባቴ ደግሞ «ቡዳ ነው»። ፕሮፌሰሩ ብዙ፣ በሽተኛው አንድ። ትኩሳቱ ሲብስባቸው ነው ሆስፒታል የወሰድናቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ትርፍ አንጀት ጠረጠረ። እሱ ግን ድሮ ወጥቷል፣ ጠባሳው ይታያል። ሲመረመሩ አንጀታቸው ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ታየ። ዓረብኛ አጥርቼ የምችለው እኔ ስለሆንኩ አስተረጎመኝ።

«አያ፣ ዓሣ በልተዋል ወይ? አጥንቱ ይሆናል እያለ ነው።»

«ዓሣ? በጾም? እኔን?» ከሕመሙ ይልቅ ጥያቄው አመማቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ በትንሽ ዕቃ ይዞት የወጣው... ጫፉ የተፋቀ የወይራ ቁራጭ! ከቀናት በፊት እርሻው ላይ ሲያንቀላፉ ውጠውት ኖሮ አንጀታቸውን በስቶታል።

«ወላሂ፣ መፋቂያ አውጥቼ አላውቅም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀዳዳውን ሰፍቼዋለሁ። ግን ቆይታችሁ ነው ያመጣችኋቸው... እስኪነቁ እንጠብቅ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። አልጋቸውን ከብበን ቆምን። አያ ጌትነት ግን አይነቁም። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

ዝምታው ሲያስፈራኝ ጊዜ እስክሪብቶ አፌ ውስጥ ወሸቅሁና፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ ወገቤን ይዤ በሳቸው ድምፅ ጀመርኩ።

«የዛሬ ልጆች! እኛ በናንተ ዕድሜ በሬ ጠምደን፣ አርሰን፣ አጭደን... እናንተ ስልክ ትፈትጋላችሁ!»

እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች። ይበልጥ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጥርሱን ያልፋቀ ልጅ ምክር አይገባውም!»

ከኋላዬ የሻከረ፣ የደከመ ድምፅ...

«አንች ፀዳል!»