ገርጂ ላይ ጠጠር ጣይ የተባልኩበት ቅዳሜ

ሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመገናኛ ታክሲ እየያዝኩ ገርጂ ኮንዶሚኒየም እሄድ ነበር። እዚያ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፊዚክስ አስጠናለሁ። ሳምንቱን ግቢ ከርማ ለቅዳሜና እሑድ ቤቷ ትመጣለች። ጎበዝ ናት፤ ምላሷ ግን ከጉብዝናዋ ይቀድማል። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ቲቸር፣ አንተ ራስህ ይሄን ኮርስ ስንት አመጣህ?" ብላ በላብ አጥምቃኛለች።

እናቷ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ቀልድ የማያውቁ ጴንጤ ናቸው። እኔ ደግሞ ማተቤ ከሸሚዜ ኮሌታ በላይ የሚታይ የኦርቶዶክስ ልጅ። እትዬ መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን ማተቤን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ከዚያ "ትምህርቱን ብቻ" አሉኝ። ሌላ ምን ላስተምር እንደምችል እስካሁን አልገባኝም።

የዚያን ቅዳሜ ልጅቷ ፈተና ደርሶባት ነበር፤ አልገባ ያላት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው። መሐል ላይ የብረት ኳስ አለ። በዙሪያው ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቅርፊት፣ በዚያም ዙሪያ ሌላ ቅርፊት። ለእያንዳንዳቸው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሰጥቷቸዋል። በየቅርፊቱ ውስጠኛና ውጭኛ ገጽ ላይ ስንት ስንት ቻርጅ ይቀመጣል? ጥያቄው ይሄው ነው።

ላፕቶፕ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ላሳያት ስከፍት ዝናብ ጣለ፤ ዝናቡ እንደጣለ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ እኔ ሳልገዛው በፊት ነው የሞተው። ደመናው ሳሎኑን አጨለመው። እትዬ ጸሎት ሄደዋል።

"ሽምብራ አላችሁ?" አልኳት።

"ራበህ እንዴ?"

"ሽምብራ ፖዘቲቭ፣ ምስር ኔጌቲቭ ይሁን። ለመሐሉ ኳስ ሎሚ አምጪ። ጠመኔስ?"

"ጠመኔ የለም፤ ዱቄት ግን አለ።"

ሶፋውን ገፋን፣ ሻማ ለኮስን፣ ወለሉ ላይ በዱቄት ክብ በክብ ውስጥ ሠራን፤ ለእያንዳንዱ ቅርፊት ሁለት ሁለት መስመር፣ አንዱ ለውስጡ አንዱ ለውጩ ገጽ። ሎሚውን መሐል አስቀምጬ ሦስት ሽምብራ አስጠጋሁለት።

"አሁን የጋውስ ሕግ" አልኩ። "በሐሳብሽ ሎሚውን በፊኛ ሸፍኚው። በፊኛው ቆዳ በኩል በጠቅላላው የሚወጣው የኤሌክትሪክ መስክ፣ ውስጡ ስንት ቻርጅ እንዳለ ይነግርሻል። ፊኛው በቅርፊቱ ብረት ውስጥ ለውስጥ እንዲያልፍ አድርጊው። ቻርጁ ከተረጋጋ በኋላ ብረት ውስጥ መስክ የለም። ስለዚህ ፊኛው ውስጥ ያለው ድምር?"

"ዜሮ።"

"ሎሚው ጋ ግን ሦስት ሽምብራ አለ።"

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ሦስት ምስር ቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ መጥቶ ማጣፋት አለበት!"

ልጅቷ ነገር ሲገባት ዓይኗን ጨፍና፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ጮክ ብላ ትደግመዋለች። ሻማው አጠገብ ተንበርክካ፣ "ከውስጥ ሦስት ይመጣል... ከውጭ አምስት ይወጣል..." ስትል በሩ ተከፈተ።

እትዬ ናቸው፣ ዝናብ ያበሰበሳቸው ሁለት የጸሎት ጓደኞቻቸውን አስከትለው።

"በኢየሱስ ስም!" አሉ እትዬ።

ረጅሟ ሴትዮ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። "ይሄ ጠጠር መጣል ነው! ሎሚ ሳይቀር!"

እትዬ ማተቤን አዩ፣ ዱቄቱን አዩ። "አንተ ልጅ፣ ደብተራ ዘመድ አለህ?"

"የለኝም እትዬ። ይሄ የጋውስ ሕግ ነው።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ጋውስ ማነው? የማን ልጅ ነው?"

"ጀርመናዊ ነው እማዬ።"

"ከፈረንጅ ጋር ጀመርሽ?"

"ሞቷል እኮ! ድሮ ነው የሞተው።"

ረጅሟ ሴትዮ "ነፍስ ይ..." ብለው ጀመሩና የድሮ እምነታቸው ልማድ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። እትዬ ግን ብሰው፣ "ከሞተ ሰው ጋር ነው የምታወሩት?" አሉ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ሎሚው ላይ አፈጠጥኩ፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

"ትምህርት ከሆነ አስረጂኝ" አሉ በመጨረሻ ልጃቸውን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። "እሱ ዝም ይበል።"

ልጅቷ ተንጠራርታ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ሎሚውን፣ ፊኛውን፣ ሦስቱን ምስር አስረዳች። ለመጀመሪያው ቅርፊት በጠቅላላው ሁለት ሽምብራ እንደተሰጠው ነገረቻቸው።

"ሁለት ካለው ውጭው ላይ አምስት ከየት መጣ?" አሉ እትዬ፣ መታወቂያ የሌለው ባለጉዳይ እንደያዙ።

"ብረት ውስጥ ሽምብራም ምስርም ሞልቷል፤ እኩል ስለሆነ አይታይም። ሦስት ምስር ወደ ውስጥ ሲሳብ ሦስት ሽምብራ ያለ ጓደኛ ይቀራል። እሱ ወደ ውጭ ይወጣል። የራሱን ሁለት ስትጨምሪበት አምስት። አምስት ሽምብራ ሲቀነስ ሦስት ምስር፣ ሁለት። አልዋሸሁም።"

እኔ ስንት ሳምንት የለፋሁበትን ነገር ከእኔ አሳምራ ተናገረችው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝና ዝም በል መባሌን ረስቼ፣ "እትዬ፣ ሁለተኛው ቅርፊት የተሰጠው አንድ ምስር ብቻ ነው። ውጭው ላይ ምን ይኖራል?" አልኩ።

"አንድ ምስር ነዋ።"

"ፊኛውን ረሳሽው እማዬ!"

እትዬ ወለሉ ላይ ወረዱ። ጣታቸውን በዱቄቱ ላይ አዙረው ቆጠሩ። "አምስት ምስር ከውስጥ... እንግዲህ አምስት ሽምብራ ይቀራል... አንዱን የራሱ ምስር ይበላዋል... አራት ሽምብራ!" ብለው ቀና ሲሉ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛዋ እንግዳ፣ አጭሯ ሴትዮ፣ መጋረጃ ነጋዴ ናቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "የኔ ልጅ፣ ስለ ቪዛ ያሳያል?"

"ይሄ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ጠይቅልኝ።"

ልጅቷ ሰምታለች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ አንድ ሽምብራ ከውጭኛው ክብ አንስታ ሎሚው አጠገብ አስቀመጠች። "ወደ አሥር ሰዓት ግድም" አለች። በኋላ እንደነገረችኝ የኤሌክትሪክ ጥገናው አሥር ሰዓት እንደሚያልቅ ጠዋት ቴሌግራም ላይ አንብባ ነበር።

ሻይ እየጠጣን ሳለ ቦግ አለ። ሁሉም ወደ አምፖሉ ሲያዩ የመጋረጃ ነጋዴዋ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ልናስረዳቸው ሞከርን፤ ልጅቷ ስልኳን ከፍታ መልእክቱን አሳየቻቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ "እሺ፣ እሺ" አሉ፣ ሲወጡ ግን ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። ዛሬም ሱቃቸው ውስጥ መብራት ሲጠፋ ይደውሉልኛል።

ልጅቷ ፈተናውን በደንብ አለፈች። እትዬ ደግሞ ቅዳሜ ጸሎት ቤት ቀድመው ሄደው ቀድመው መመለስ ጀመሩ። ወንበር ስበው ጠረጴዛው ራስ ላይ ይቀመጡና ከልጃቸው በላይ ይጠይቃሉ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት ግማሽ ቀን እየፈጀ መጣ። አንድ ቀን ልጅቷ በሩ ድረስ ሸኝታኝ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ቲቸር፣ እባክህ እማዬን ለብቻዋ አስጠናት" አለችኝ።