እጅ አጣጥፎ መብላት

የእህቴ ባል የአንድ ጽጌረዳ እርሻ ሱፐርቫይዘር ነው፤ በሰፈሩ «ጨዋው» ይሉታል። ሰውን የሚመዝነው በአቋሙ ነው። አለቃ ፊት እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የቆመ ሁሉ ለእሱ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ቆሞ ዳቦ የሚገምጥ ሰው ካየ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም።

እኔ እዚያው እርሻ ግሪን ሃውስ ውስጥ ጥንዚዛ አረባ ነበር። ትንሽዬ ክብ ናት፤ የጽጌረዳውን ለጋ ቅጠል የሚመጥጠውን ክሽክሽ የሚሉትን ተባይ ስትለቅም ትውላለች። ጨዋው ይጠየፋታል። «ሆዳም» ይላታል። ታዲያ የቀጠርናት ለሆዷ አይደል?

አንድ ቀን በካርቶን ሌላ ነፍሳት ይዞ መጣ። ያቺን ረጅም፣ አረንጓዴ፣ የፊት እጆቿን አጣጥፋ ጸሎት ላይ ያለች የምትመስለውን።

«ሥርዓቷን ተመልከቺ» አለኝ። «ጥንዚዛሽ ከእሷ ትማር።»

«ተው ጋሼ፣ ይቺ ጸሎተኛ ለክሽክሽ እጇን አትዘረጋም። ጥንዚዛዎቼን ነው የምትጨርሳቸው።»

«አንቺ ደግሞ ጨዋ ነገር አይጥምሽም» አለና ለቀቃቸው።

ጸሎተኛዋ ንቅንቅ ሳትል ትቆማለች። እጇ የሚፈታው ጥንዚዛዋ አጠገቧ ስትደርስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከጥንዚዛዎቼ የተረፈው መሬት ላይ የወዳደቀ ክንፍ ሆነ፤ ጽጌረዳውም በክሽክሽ ተወረረ። የእርሻው ባለቤት ሊያይ መጣ። ጨዋው ሥራውን ካጣ የሚኖሩበት የእርሻው ቤትም አብሮ ይሄዳል፤ እህቴና ልጆቿ ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ሞኝ ነኝ።

ባለቤቱ የተጨማደደውን ቅጠል አይቶ ዞር ሲል ጨዋው እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«እሷን አምኜ ነው ጌታዬ» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ጥንዚዛዎቿ አልሠሩም። የሚስቴ እህት ስለሆነች መናገሩ ይከብደኛል።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል። ባለቤቱ ትሕትናው ልቡን ነክቶት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ እኔን ግን «ቱታሽን መልሺ» ብሎ አሰናበተኝ።

በማግስቱ እህቴ ቤቴ መጣች። «ምን ያድርግ፣ የልጆች አባት ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። ስለ ጸሎተኛዋ አጫወትኳት፤ ሴቷ አንዳንዴ የገዛ ባሏንም እንደምትበላ።

እህቴ ቀና አለች።

«ከየት ነው የምትጀምረው?»

«ከጭንቅላቱ» አልኳት።

«እዚያ ደግሞ ምን ታገኛለች?» አለች እህቴ።