በራሱ ይባዛል

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ወጣት አለ። ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ጨዋማ ውሃ ሞልቶ ኮራል ያረባል። ባለፈው እሑድ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ፣ «እማማ፣ አንድ ቁራጭ ልስጥዎት? ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ በራሱ ይባዛል» አለኝ። ሳላስበው ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ልጁ «ምን ነካቸው» ሳይል አልቀረም።

በእኔ ወጣትነት፣ በደርግ ጊዜ፣ ያ ቃል እንዲህ ደረጃ ላይ አይጣልም ነበር። አባዛ ማለት የተከለከለ ወረቀት አባዛ ማለት ነው። በዚያ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ መመለሱን እንጃ።

አጎቴ ጋሼ ጌታሁን የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ልደታ ማርያም አጠገብ ወደነበረው ቤታችን ሲመጣ የናፍጣው ሽታ ቀድሞት ይገባል፤ ተምርና በጀሪካን የባሕር ውሃ ይዞ ይመጣል። ውሃው አንድ ጊዜ ካመጣው ፍጥረት የተነሳ ነው። ድንጋይ ላይ የተጣበቀ፣ ግንዱ ነጣ ያለ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ጣቶች እንደ ሕፃን እጅ የሚከፈቱና የሚጨበጡ ነገር ነበር። እናቴ የባሕር አበባ አለችው። «አበባ አይደለም፣ ነፍስ አለው» ይላል ጋሼ። መስኮታችን ሥር ባኖረው የመስታወት ሳጥን ውስጥ እየተራባ ቦታ ሲያጣ፣ እየቆረጠ በማርማላታ ጠርሙስ ለወዳጆቹ ሰጠ። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈችም ደርሷታል።

አንድ ቀን በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ሳለ፣ አንድ ሾፌር ጓደኛው ስለዚያ ነገር ጠየቀው።

«ቤቱን ሞላው እኮ» አለ ጋሼ፣ በዚያ የሞተር ጩኸት ባስለመደው ድምፁ። «በራሱ ይባዛል። የእኔ ሥራ ማሰራጨት ብቻ ነው።»

ሰልፉ ጸጥ አለ። ከፊታችን የነበረችው እትዬ አሰለፈች እንኳ ዞራ አላየችንም። አለመዞሯ ከነከነኝ።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ፍራሽ ገለበጡ፣ ኮርኒስ ቀደዱ፤ የመስታወቱን ሳጥን ግን እያዩ አለፉት። ምን እንደሚፈልጉም አልነገሩንም። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ጋሼን ወደ ቀበሌው ይዘውት ሄዱ።

እኔና እናቴ ፍርፍር በሳህን ቋጥረን ቀበሌው በር ላይ ተቀመጥን። ክረምት ነበር፤ ጭቃው ጫማችንን ውጦታል። በዚያ በር ገብተው ያልወጡ የሰፈር ልጆች ስለነበሩ እናቴ ከበሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። በዚህ መሃል እትዬ አሰለፈች ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ሸሽጋ መጣች። ሰላም ሳትለን አልፋን ገባች። ጥቂት ቆይታ ከጋሼ ጋር ወጣች።

ጋሼ የሆነውን የነገረን ቤት ስንደርስ ነው። በር ዘግተው «የምታባዛው ምንድነው? ለማን ነው የምታሰራጨው?» ብለው አፋጠውታል። የባሕር አበባ ነው ቢላቸው ሳቁበት። የሰጣቸውን ሰዎች ስም ሲጠይቁት ዝም አለ፤ ወዳጆቹን ማስያዝ አልፈለገም። ይኼኔ ነው እትዬ አሰለፈች ገብታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው።

«የሚያባዛው ይኼን ነው። እኔም ቤት አለ፤ ወንጀል ከሆነ እኔንም እሰሩኝ» አለቻቸው።

ጋሼ ያን ቀን ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ብሎ በግድ አነሳችው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የዚያን ያህል ልብ አይኖረኝም ነበር። ግን በዝግ በር ምን እንደጠየቁት እኛ ሳናውቅ እሷ በምን ዐወቀች? ጋሼን ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ።

«አውጥታኛለች። ሌላውን ተይው» አለኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ምናልባት ሰልፍ ላይ የሰማችው ነገር የሚያመጣውን ገምታ ይሆናል። ምናልባትም ራሷ ጠቁማ፣ ኋላ እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ጋሼ ሲሞት ከቤተሰቡ እኩል ያለቀሰችው እሷ ነበረች። አቅፌ አጽናናኋት፤ እጄ ግን ትከሻዋ ላይ ደርቆ ቀረ።

አሁን እሷም የለችም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለሞቱብኝ ሁሉ እጸልያለሁ፣ የእሷንም ስም አልዘልም። ከጋሼ ስም አስከትዬ መጥራት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።