ፊታቸውን ብቻ ያነሳሁበት ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መንገደኛ የማመላልስበትን የሻትሉን ሞተር አጥፍቼ ተሳፋሪ ስጠብቅ ልጄ ሦስት የካሜራ ሊንክ ላከችልኝ። በነሐሴ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። "አባ፣ ስልክ ይበቃል እንዳትለኝ። ላይት የሆነ፣ የማይከብደኝ፣ ግን ዙም ያለው ነው የምፈልገው። የቱን ልግዛ?" ይላል መልእክቷ። ሦስቱንም ከፍቼ አየኋቸው። አንዱ ከሸሚዝ ኪስ የሚገባ ነው፤ አንዱ ወፈር ያለ ነው፤ የሦስተኛው ሌንስ ደግሞ እንደ ኤሊ አንገት ወጥቶ ወጥቶ አያልቅም። መልስ ልጽፍ ጣቴን አነሳሁና ድክም አለኝ። ተሳፋሪዎቹ መጡ፣ ሻንጣቸውን ጫንኩ፣ ሳልመልስላት ዋልኩ።

እኔ በዕድሜዬ ካሜራ የመረጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ አራት ዓመት አልፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ልሄድ ስዘጋጅ ነው። ያኔም እዚሁ አካባቢ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሻትል ነበር የምነዳው። ሰው በአንድ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሲቆይ ታታሪ ይሉታል፤ በእኔ በኩል እንኳ ተነስቶ ሌላ መፈለግ ስንፍና ስለሆነብኝ ነው።

በማቆሚያው መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ቤት ተቀምጠው ትኬት የሚቀበሉት ጋሽ ታደለ የሚባሉ የአሰላ ሰው ነበሩ። ኬንያ ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረው በስደተኝነት የመጡ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እናታቸውን ካዩ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር። እኔ አገር ቤት ልሄድ መሆኔን የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ክላርክስተን ያለው አበሻ ሁሉ አወቀ። የሚሄድ ሰው የሁሉም አህያ ነው። ከሻንጣዬ ግማሹ የሰው መድኃኒት፣ የሰው ሽቶ፣ የሰው የሕፃን ልብስ ሆነ። ያም አልበቃ ብሎ "እግረ መንገድህን እያቸውና ና" የሚለኝ በዛ።

"እያቸውና ና" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ውጭ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። በስልክ ሁሉም ደህና ነው። የታመመው ደህና ነው፣ የከሰረው ደህና ነው፣ የተቀበረው እንኳ ለወራት "ጸበል ሄዷል" ይባላል። ስለዚህ ስልኩን የማያምን ሰው ዓይን ይልካል።

ጋሽ ታደለ ካሜራውን አብረን እንግዛ አሉኝ። አንድ እሑድ፣ እሳቸው ከቅዳሴ ሲወጡ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። እኔ ለሳምንታት በየእረፍቴ የካሜራ መጽሔት ሳገላብጥ ከርሜአለሁ፤ ስለ ሌንስና ስለ ባትሪ የማወራው ፋብሪካው የአባቴ እስኪመስል ነበር። ሐሳቤ ጎንደርን፣ ጣናን፣ ሐረርን ማንሳት ነው። ሻጩ አንዱን ትንሽ ካሜራ በመስኮቱ በኩል አነጣጥሮ ዙም ሲያደርግ፣ ፓርኪንጉ ጥግ የቆመ መኪና ታርጋ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ልቤ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ታደለ ሌላውን አነሱ፤ ርካሽ ነገር ነው፣ ዙሙም እምብዛም ነው። "እስቲ ቁምልኝ" አሉኝና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደው አዩኝ። "ይኼኛው ከእግር እስከ ራስህ ይይዝሃል" አሉ። ከዚያ እኔ የወደድኩትን ይዘው በዚያው ቦታ ቆሙ። "ይኼ ደግሞ ከወገብህ ይቆርጥሃል።"

"ጋሽ ታደለ፣ ያኛው እኮ ዙሙ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው። ይሄ አሥር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮን ከገደል ማዶ ያመጣልዎታል።"

"የእኔ እናት ገደል ማዶ አይደለችም። ክፍሏ ውስጥ ነች። ከአልጋውና ከሳጥኑ የሚተርፈው መቆሚያ ሁለት እርምጃ ነው።"

"ወደ ደጅ አወጣቸውና አነሳቸዋለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ" አሉ። እኔም አሥር እጥፉን ገዛሁ።

ከዚያ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ገብተን ቋንጣ ፍርፍር አዘዝን። ጋሽ ታደለ ሁለት ጉርሻ ያህል እንደበሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። "አንተ የምታመጣልኝ ፎቶ ለግድግዳ አይደለም" አሉኝ። "የሲቲዝንሽፕ ኢንተርቪው መጋቢት ላይ አለኝ። ከዚያ በፊት ከሄድኩ ተመልሼ መግባቴን እንጃ፤ ሎየሩም አትንቀሳቀስ ብሎኛል። እህቴን ስጠይቃት ደህና ናት ትለኛለች። እናቴን ስታገናኘኝ ግን ድምጿ የተኛ ሰው ድምፅ ነው። ደህና ከሆነች እስከ መጋቢት እጠብቃለሁ። ካልሆነች ኢንተርቪው ገደል ይግባ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ቆማ፣ ከእግር እስከ ራሷ አንሳልኝ። ሌላ ምንም አታምጣልኝ።"

"እሺ" አልኩ። በዚያ ዕድሜ "እሺ" ከአፍ ለመውጣት ምንም አይከብደውም።

አሰላ የወረድኩት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ከናዝሬት በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ዴራ ላይ ገና ሙቀት ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ከኢተያ በኋላ አየሩ ቀዝቅዞ ሰው ሁሉ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ሽታው ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ባየሁት ኮረብታ ሁሉ ላይ ዙም እያደረግኩ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ክርኔ እስኪያስመርራቸው አስቸገርኳቸው።

ቤቱን ሳገኝ የጋሽ ታደለ ታላቅ እህት እትዬ ብዙነሽ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ሳሙኝ፣ ወንበር ሰጡኝ፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሰሐን አቀረቡልኝ። ቅቤው ገና አልረጋም ነበር፤ እንዲህ የሚጥም ነገር ከዚያ በኋላ የበላሁ አይመስለኝም። ግማሹን ሳልጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ወንድሜ፣ እግሯን ከቆረጧት አራት ወር ሆኗታል። ስኳር ነው። አሁን ሁለተኛውም እያስፈራን ነው። ለታዴ አልነገርነውም።"

ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ፊቷን ብቻ አንሳልን። ይህን ካየ ሁሉን ጥሎ ይመጣል። ያን ያህል ዘመን የጠበቀው ወረቀት ይበላሽበታል፤ እዚህ መጥቶስ እግር ይተክልላታል? እሷም የምትለው ይህንኑ ነው። አልዋሸንህም፣ ገብተህ ጠይቃት።"

ገባሁ። ክፍሉ ጋሽ ታደለ እንዳሉት ነበር፤ አልጋ፣ ሳጥን፣ ሁለት እርምጃ። እማማ ዘነበች በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ነጠላ አልብሰዋቸዋል፣ ፊታቸውን ቫዝሊን ቀብተዋቸዋል። ብርድ ልብሱ ከአንድ ወገን ዝቅ ብሎ ይታያል። ዓይኔ ወደዚያ ሲሄድ አዩኝና "እዚያ ምንም የለም፤ ወዲህ እየኝ" አሉኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ካሜራውን አነሳሁ። ከዚያ ሆኜ እንኳ ሙሉ ሰው አይይዝልኝም፤ ዙም ሳላደርገውም ከመነሻው ጠባብ ነው። እንግዲህ ሰበብም አገኘሁ ማለት ነው። ሌንሱን ወደ ፊት ገፋሁት። ነጠላቸው ሄደ፣ ትራሱ ሄደ፣ ፊታቸው ብቻ ቀረ።

"ታዴ ወፍሯል?" አሉኝ።

"ወፍረዋል፣ እማማ።"

"ጸጉሩስ?"

"እሱ እንኳ ሄዷል።"

ሳቁ። ያን ጊዜ ተጫንኩት። "ስስቅ ነው ያነሳኸኝ? ደግ አደረግህ። የሳቀን ሰው ታሟል አይሉትም" አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ስለ ጋሽ ታደለ አላሰብኩም። ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ፣ የፊታቸው መስመር አንድ በአንድ ሲቆጠር ነበር የታየኝ። በጥበቤ ተመክቼ ነበር። ጎንደርንም ጣናንም ብዙ አነሳሁ፤ የት እንደገቡ አላውቅም። ከሁሉም የተሻለው ያ ፎቶ ነው።

አትላንታ እንደተመለስኩ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩትና ወደ መስታወቷ ቤት ወሰድኩላቸው። ጋሽ ታደለ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ፤ ትኬቱን ተቀበሉና ወደ ፎቶው ተመለሱ።

"ቆማ አይደለም" አሉ።

"ክፍሉ ጠበበኝ። ካሜራው አልያዘልኝም።"

"ወደ ደጅስ?"

"ንፋስ ነበር…"

"አዎ" አሉ፣ ሳልጨርስ። "በጥቅምት ከጭላሎ ተራራ የሚመጣው ንፋስ መጥፎ ነው።" ውሸቴን ራሳቸው ጨረሱልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መሄድ አላነሱም፤ መጋቢትን መጠበቅ ያዙ።

ለገና ሰሞን አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ማሰሪያ የሌለው የአሮጊት ጫማ ነው። አንዱን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት።

"አንተ በቅርብ አይተሃታል። ይሆናታል?"

"ይሆናቸዋል" አልኩ።

"እግሯ አላበጠም? አይጠባትም?"

"አይጠባቸውም፣ ጋሽ ታደለ።"

ጫማውን መለሱና ካርቶኑን ከዘጉ በኋላም እጃቸውን ከላዩ ላይ አላነሱም። ሻትሌ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ተመልሼ መናገር እችል ነበር። መንገደኞች ይጠብቁኛል አልኩና ነዳሁ።

እማማ ዘነበች የካቲት መጀመሪያ ላይ አረፉ። እትዬ ብዙነሽ የደወሉት ለእኔ ነው፤ "ኢንተርቪውን እስኪጨርስ" አሉኝ እያለቀሱ። እዚሁ አትላንታ ላለው እድራችን ሽማግሌዎች ነገርኩ፤ እነሱም የዜግነቱን መሐላ እስኪምል ድረስ ይቆይ አሉ። እንዲህ ሆኖ ከሁለት ወር በላይ የሞቱትን እናታቸውን ደህንነት በየጠዋቱ እየጠየቅኩ ኖርኩ። ካልጠየቅኩ ይጠረጥራሉ ብዬ ነው። "ደህና ናት ይላሉ" ይሉኝ ነበር። ሰው ሻንጣ በማንሳት ብቻ የሚደክም ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ ወራት ደክሜ አላውቅም።

ጋሽ ታደለ ሐሙስ ማሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄደን አረዳናቸው። በሩን ከፍተው ጥቁር የለበሱ አራት ሰዎች ሲያዩ፣ ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ለግንቦት የቆረጡት የአውሮፕላን ትኬት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ወደ ሥራ ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ። "እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር" አሉኝ።

"መቼ?"

"ጫማውን ይዤ የመጣሁ ጊዜ። ቁጥሯን አላውቅም መስሎህ ነው? አይሆናትም ብትለኝ በማግስቱ እሄድ ነበር።"

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። መኪና መጣ፤ እጃቸውን አውጥተው ትኬት ተቀበሉ።

አሁን ጡረታ ወጥተው ሊቶኒያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ለፋሲካ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ቤት ታክስ እናወራለን። ያንን ነገር ዳግመኛ አንስተነው አናውቅም። በእህታቸው አልፈርድም፤ የወደዱ መስሏቸው ነው፣ ወደውም ነው። ራሴን ግን ይህን ያህል አልምርም። እኔ የወደድኩት ፎቶውን ነበር።

ለልጄ የመለስኩላት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። የእኔም እናት ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በስልክ ደህና ነች። ከፋሲካ ወዲህ ስደውል ታናሽ እህቴ ናት የምታነሳው፤ እማዬ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ጎረቤት ሄዳለች። እኔ መስከረም ላይ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ልሆን ቀጠሮ አለኝ፤ እማዬ ደህና ከሆነች ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ፣ ካልሆነች ጉልበቱ ይቆያል። ልጄን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"ካሜራውን የፈለግሽውን ግዢ" አልኳት። "አያትሽ ጋ ስትደርሺ ግን በዓይንሽ ያየሽውን ሁሉ ለእኔ ንገሪኝ። ማንም ምንም ቢልሽ።"

"ኦፍ ኮርስ አባ፣ ለምን አልነግርህም?" አለችኝ።

ከልቧ ነው ያለችው። እህቴ ገና አላገኘቻትም።